ቁስሉን የማይረሳው ቆሽት



የሌሊት ተረኞች የሥራ ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ ከኋላ ተቀምጣችሁ አያለሁ፤ እንዳላስረፍዳችሁ እሞክራለሁ። የኮሚኒቲያችን የጤና ኮሚቴ ሲጋብዘኝ «ካንሰር ለምን ድንገት ይመጣል?» በሚለው ላይ ተናገርልን አለኝ። ጥያቄው ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። በየለቅሶ ቤቱ የምንሰማው ነው፤ «ደህና ነበረ እኮ! ከታመመ ሦስት ወር አልሞላውም።»

ካንሰር ብዙ ዓይነት ነው፤ ስለ ሁሉም ላውራ ብል ስለ አንዱም ሳላወራ ይመሻል። ስለዚህ ይህ «ድንገት» የሚሉት ነገር ጎልቶ የሚሰማበትን መረጥኩ፤ የቆሽት ካንሰርን። ሐሳቤም አንድ ነው፤ እየደጋገምኩ እመለስበታለሁ። የቆሽት ካንሰር በድንገት አይመጣም። የተበላሸ ጂን ብቻውንም አያመጣውም። በተበላሸው ጂን ላይ ሴሉ ያኖረው የቁስል ትዝታ ሲጨመርበት ነው ነገሩ የሚጀመረው።

አስቀድሜ ስለ ቆሽት ጥቂት ልበል። አብዛኞቻችን ስሙን የምናነሣው ስንናደድ ብቻ ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ 15 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው አካል ነው። ኢንሱሊን እንደሚሠራ የስኳር ሕመም ያለበት ሁሉ ያውቃል። ትልቁ ክፍሉ ግን ሌላ ሥራ ነው ያለው፤ የምንበላውን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያመርታል። ኢንዛይሞቹ ሥጋ የሚፈጩ ናቸውና፣ የሐሞት ጠጠር መውጫቸውን ሲዘጋው ወይም ብዙ መጠጥ ያለጊዜያቸው ሲቀሰቅሳቸው የገዛ ቤታቸውን ቆሽትን መፍጨት ይጀምራሉ። ሐኪሞች የቆሽት ብግነት የሚሉት ይህን ነው። ብግነት የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ የዛሬው ነገር ሁሉ የሚዞረው በእሱ ዙሪያ ነው።

ቆሽት የሆድ ጓዳ ውስጥ ስለሆነ የሐኪም እጅ አይደርስበትም። እጢ ቢበቅልበት እስኪያድግ ድረስ ብዙ ጊዜ አያምም። ሲያምም «ጨጓራዬ ነው» ተብሎ የጨጓራ ክኒን ይዋጥለታል። ዓይን ቢጫ ሲሆን ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው» ይባልና ሥር ይጨመቅለታል። በ2022 በዓለም ዙሪያ 510 ሺህ ያህል ሰዎች ይህ ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው፤ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ የሞቱት ደግሞ 467 ሺህ ያህል ነበሩ። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩአቸው። እዚህ አሜሪካ ካንሰሩ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች አምስት ዓመት የሚሻገሩት 13 ያህሉ ናቸው። ከቆሽት ሳይወጣ ከተገኘ ግን ቁጥሩ ወደ 44 ከፍ ይላል። ልዩነቱ የጊዜ ነው። እንግዲህ ስለ ጊዜ እናውራ።

በ2010 ከዚህ አዳራሽ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ክሪስቲን ያኮቡዚዮ ዶናሁ የተባሉ የሥነ ደዌ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አወጡ። በዚህ ካንሰር ከሞቱ ሰዎች የወሰዱትን እጢ፣ ከቆሽትም ከጉበትም ከሳንባም፣ ዘረመሉን አንብበው ወደ ኋላ አሰሉ። ስህተቶቹ እየተደራረቡ የሚሄዱበት ፍጥነት ስለሚታወቅ የእጢውን ዕድሜ መገመት ይቻላል። ውጤቱ አብዛኞቻችንን ያስደነገጠ ነበር። ከመጀመሪያው የጂን ስህተት ተነሥቶ እውነተኛ የካንሰር ሴል እስኪወለድ ቢያንስ አሥር ዓመት ይፈጃል። ያ ሴል ወደ ሌላ አካል የመዛመት አቅም እስኪያገኝ ደግሞ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። በሽተኛው የሚሞተው ከዚያ በኋላ በአማካይ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ስለዚህ «ሦስት ወር አልሞላውም» ስንል፣ ያየነው የመጨረሻዋን ሦስት ወር ነው። በሽታው ግን ሰውየው ልጁን ሲድር፣ ቤት ሲገዛ፣ አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ ሁሉ አብሮት ነበር። ዓመታት ነበሩን ማለት ነው፤ ሳናውቃቸው አለፉ እንጂ።

ወደ ዋናው እንቆቅልሽ ልግባ። ለረጅም ጊዜ የተማርነው ካንሰር የጂን ስህተት ነው ተብሎ ነው። እውነት ነው፤ በቆሽት ካንሰር ኬራስ የሚባል ጂን ከ10 ሕሙማን ከ9 በሚበልጡት ላይ ተበላሽቶ ይገኛል። ኬራስ ለሴሉ «እደግ፣ ተከፈል» የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ነው፤ ሲበላሽ ትእዛዙን ማቆም ያቅተዋል። እዚህ ላይ ቢያበቃ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን አላበቃም።

በ2024 የዚያው የባልቲሞር ተቋም ተመራማሪዎች በዓይን ሲታይ ጤነኛ የሆነ የሰው ቆሽት ወስደው በስስ በስሱ ቆራርጠው፣ በኮምፒዩተር መልሰው ሙሉ ቅርጹን ገነቡት። ይፈልጉ የነበሩት ከካንሰር በፊት የሚመጡትን፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩትን ጥቃቅን የቱቦ ለውጦች ነው። ፓኒን ይሏቸዋል። ያገኙት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ በአማካይ 13 ነበር። ለሙሉ ቆሽት ሲሰላ በመቶዎች ይቆጠራል ማለት ነው። በውስጣቸውም ያው የተበላሸ ኬራስ አለ።

በዚህ አዳራሽ ካለነው ውስጥ ዕድሜያችን ከአምሳ ያለፈ ብዙዎቻችን ይህን ይዘን ተቀምጠናል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አትደንግጡ። በአሜሪካ ከመቶ ሰው በዕድሜ ዘመኑ የቆሽት ካንሰር የሚይዘው ከሁለት ያነሰ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር የተበላሸ ዘር ተዘርቶ አንድም አይበቅልም፤ በጥቂቱ ሰው ላይ ደግሞ አንዱ ይበቅላል። ለምን? ልዩነቱ በጂኑ ፊደል ላይ ከሌለ የት ነው ያለው?

እዚህ ጋ ነው ኤፒጄኔቲክስ የሚባለው ትምህርት የሚመጣው። ስሙን በ1942 ያወጣው ኮንራድ ዋዲንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነው። ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ የምናውቀውን ነገር ላንሣ። ዲቁና የተማራችሁ፣ ወይም ከሊቃውንቱ አጠገብ የቆማችሁ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን አይታችኋል። ፊደሉ በመስመር ይጻፋል፤ ከፊደሉ በላይ ደግሞ በቀጭኑ የዜማ ምልክት ይደረግበታል፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ እያለ። ፊደሉ የሚባለውን ይነግራል፤ ምልክቱ አባባሉን። መሪጌታ ድምፁን የት እንደሚያነሣ፣ የት እንደሚጥል፣ የት እንደሚይዝ የሚያየው ከምልክቱ ነው። ምልክቱን ብትለውጡት ከፊደሉ አንዲት ሳትነካ ዜማው ሌላ ይሆናል።

በሰውነታችን ያለ ሴል ሁሉ የያዘው መጽሐፍ አንድ ነው። የዓይን ሴልም የጉበት ሴልም ያው ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ዲኤንኤ አለው። ዓይንን ዓይን፣ ጉበትን ጉበት ያደረገው ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት ነው። ምልክቶቹ በኬሚስትሪ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ናቸው። አንዱ ሜቲል የሚባል፣ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያለው ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ሲ በተባለችው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ይለጠፋል። የጂኑ መነሻ ላይ ሲበዛ ጂኑ አይነበብም። ሁለተኛው ዲኤንኤው በሚጠመጠምባቸው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ የሚደረግ ነው፤ ስምንት ስምንት ሆነው ነው የሚሰበሰቡት። ጥምጥሙ ሲጠብቅ ያ ክፍል ይዘጋል፤ ሲላላ ይከፈታል። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል ምልክቶቹም ይገለበጣሉ። ስለዚህ ሴሎች ትዝታ አላቸው ስንል ግጥም እየገጠምን አይደለም።

በካንሰር ውስጥ እነዚህ ምልክቶች እንደሚዛቡ ካወቅን ቆየን። በ1983 አንድሩ ፋይንበርግና በርት ቮግልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ እነሱም ከባልቲሞር፣ የካንሰር ሴሎች ከጎናቸው ካሉት ጤነኛ ሴሎች ያነሰ ሜቲል እንዳላቸው አሳዩ። ኋላ ደግሞ ተቃራኒውም ታየ፤ አንዳንድ ጂኖች ላይ ሜቲል ያለልክ ተከምሮ ይገኛል። ፒ16 የሚባለውን ጂን ውሰዱ። ሴሉ ያለገደብ እንዳይከፈል የሚያቆመው ነው፤ በቆሽት ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሥራውን አቁሟል። አብዛኛውን ጊዜ ጂኑ ተቆርጦ ወጥቶ ወይም ፊደሉ ተሳስቶ ነው። በከፊሎቹ ግን ጂኑ ምንም አልሆነም፤ ሜቲል ተጭኖት ዝም ብሎ ተቀምጧል። በ2008 የታተመ የፓኒን ጥናት ደግሞ ይህ ያለቦታው የሚለጠፍ ሜቲል ገና በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ባሉት ፓኒኖች እንደሚጀምርና ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር እየተስፋፋ እንደሚሄድ አሳየ።

እስከዚህ ያልኩት ምልክቶቹ እንደሚለወጡ ነው። ማን ለወጣቸው የሚለው ይቀራል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

በ2007 ማሪያኖ ባርባሲድ የተባሉ ስፔናዊ ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው የተበላሸ ኬራስ በአይጦች ቆሽት ውስጥ አስነሡ። አይጦቹ ጎልማሶች ናቸው። ምንም አልሆኑም! የተበላሸውን ጂን ተሸክመው ኖሩ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ቀለል ያለ፣ ግን ተደጋጋሚ የቆሽት ብግነት ሰጧቸው። ያን ጊዜ ፓኒኑም መጣ፣ ካንሰሩም ተከተለ። ብግነቱን ለማምጣት በእንዲህ ዓይነት ሙከራ የሚሰጠው ሴሩሊን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የተገኘው ከአውስትራሊያ የዛፍ እንቁራሪት ቆዳ ነው። እግዜር የእንቁራሪት ቆዳ ላይ ያስቀመጠው ነገር የአይጥን ቆሽት ሲያቃጥል መገኘቱ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ለማንኛውም፣ ከሙከራው የምንይዘው ነገር ይህ ነው፤ ጂኑ ብቻውን አልበቃም፣ ቁስል ተፈለገ።

ቁስሉ ምን ያደርጋል? ኢንዛይም የሚያመርቱት ሴሎች ሲቃጠሉ ብልሃት አላቸው። ማምረቱን አቁመው፣ መልካቸውን ለውጠው የቱቦ ሴል ይመስላሉ። ኢንዛይም ካላመረቱ ራሳቸውን አይፈጩም፤ ራስን ማዳን ነው። ብግነቱ ሲበርድ ወደ ቀድሞ መልካቸውና ሥራቸው ይመለሳሉ። ጤነኛ ቆሽት እንዲህ ነው የሚድነው። ኬራሱ የተበላሸበት ሴል ግን ሄዶ ይቀራል፤ መመለሻውን ያጣዋል። ፓኒን ከሚነሣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

በ2021 ኒው ዮርክ ውስጥ ስሎን ኬተሪንግ በተባለው የካንሰር ማዕከል፣ ዲሬና አሎንሶ ኩርቤሎ የተባሉ ተመራማሪ ስኮት ሎው በሚመሩት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሆነው ይህችን የቁስል ሰዓት በቅርብ ተመለከቱ። አይጥ አቁስለው፣ ከ48 ሰዓት በኋላ የቆሽቱን ሴሎች አውጥተው የዲኤንኤው ጥምጥም የት እንደተከፈተ፣ የት እንደተዘጋ አነበቡ። ጤነኛ ጂን ያለው ሴል ሲቆስል አንድ ዓይነት ለውጥ አሳየ፤ የመዳን ለውጥ። የተበላሸ ኬራስ ያለው ሴል ሲቆስል ያሳየው ግን ሌላ ነበር፤ ካደገ ካንሰር ጋር የሚመሳሰል። እጢ የለም፣ ገና ምንም የሚታይ ነገር የለም። ሁለት ቀን ነው የሆነው። ምልክቱ ግን ተለውጧል። ከሚከፈቱት ጂኖች አንዱ ኢንተርሉኪን 33 የሚባል የብግነት መልእክተኛ የሚሠራ ነበር፤ የተበላሸ ኬራስ ላላቸው አይጦች ይህንኑ መልእክተኛ ብቻ ሲሰጧቸው፣ ሳይቆስሉም ወደ ካንሰር የሚወስደው ጉዞ ተፋጠነ።

በዚያው ዓመት ከቴክሳስ የወጣው ጥናት ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው። እዚያ ያሉት ተመራማሪዎች ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። መጀመሪያ አይጦቹን አቆሰሉ፤ ከዚያ እስኪድኑ ጠበቁ። ቆሽቱ ዳነ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጤነኛ ነው። ሳምንታት አልፈው የተበላሸውን ኬራስ ያን ጊዜ አስነሡት። ቀድሞ ቆስሎ የዳነው ቆሽት፣ ካልቆሰለው ይልቅ ፈጥኖ ወደ ካንሰር ሄደ። የብግነቱ ሕዋሳት ሄደዋል፣ ጠባሳ የለም፤ ሴሉ ግን አልረሳም። ምልክቱ ተቀምጧል።

ትዝታው ክፋት መስሎ እንዳይታያችሁ። ተመራማሪዎቹ እነዚያኑ የዳኑ አይጦች ዳግመኛ ሲያቆስሏቸው፣ ትዝታ ያላቸው ሴሎች ቶሎ መልካቸውን ለውጠው ቆሽቱ እንዳይጎዳ አደረጉ። ትዝታው የተፈጠረው ለጥበቃ ነው። ኬራስ በተበላሸበት ሴል ላይ ግን ያው ጥበቃ ካንሰርን ደገፈው። በሽታው የሚጠቀመው በገዛ ጥበቃችን ነው፤ ለዚህ ነው ጉዳዩ ቀላል መፍትሔ የሌለው።

«ታዲያ ምልክት ከሆነ ይጠፋላ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ፊደል ከማረም ምልክት ማንሣት ይቀላል። ሜቲልን የሚያራግፍ አዛሳይቲዲን የሚባል መድኃኒት ከ2004 ጀምሮ ለአንድ የመቅኒ በሽታ እዚህ አገር ተፈቅዷል። በቆሽት ካንሰር ግን እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች ብቻቸውን ተስፋ የተጣለባቸውን ያህል አልሆኑም። አንዱ ምክንያት አያስቸግርም፤ መድኃኒቱ የተዛባውን ምልክት ለይቶ አያውቅም፤ ትክክለኛውንም አብሮ ይፍቃል። በኢንተርኔት «ኤፒጄኔቲክስን የሚያድስ» እያሉ ዱቄትና ክኒን የሚሸጡላችሁን ግን እባካችሁ ገንዘባችሁን አትስጧቸው።

የደም ምርመራውስ? ይህን ከመግባቴ በፊት ሦስት ሰው በር ላይ ጠይቆኛል። የሚሞት ሴል የዲኤንኤ ቁራጭ ወደ ደም ይጥላል፤ ቁራጩ ላይ የሜቲሉ ምልክት አብሮ አለ። ምልክቱ ከየትኛው አካል እንደመጣ ስለሚጠቁም፣ በአንድ ብልቃጥ ደም የብዙ ካንሰሮችን ዱካ መፈለግ ተችሏል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ነገር ግን በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጡት ምርመራዎች፣ ካንሰሩ ትንሽ ሳለ የማግኘት አቅማቸው ከገፋ በኋላ ካለው ያነሰ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ትንሽ ሳለ ነው። ትንሽ እጢ የሚጥለው ዲኤንኤ ትንሽ ነው። ምልክት ለሌለው፣ ቤተሰቡም ይህ በሽታ ለሌለበት ሰው የቆሽት ካንሰር ምርመራ እንዳይደረግ በ2019 የአሜሪካ የመከላከያ አገልግሎቶች ግብረ ኃይል አቋሙን በድጋሚ አጽንቷል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ለሁሉም ሰው ቢደረግ በውሸት ደወል የሚቆረጠው ሆድ ይበዛል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? አጭሩን ቶሎ ልበል። ትምባሆ የቆሽት ካንሰርን አደጋ እጥፍ ያህል ያደርገዋል፤ ሺሻም ትምባሆ ነው። አጫሽ ሰው ደም ውስጥ ኤኤችአርአር በተባለ ጂን ላይ ያለው ሜቲል ቀንሶ ይታያል፤ ማጨስ ሲያቆም በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል። መጠጥ ቆሽትን ደጋግሞ ያቃጥላል፤ ደጋግሞ ማቃጠል ምን እንደሚያስከትል ሰምታችኋል። ከአምሳ ዓመት በኋላ አዲስ ስኳር ከተገኘባቸው ከመቶ አንድ ገደማ የሚሆኑት በሦስት ዓመት ውስጥ የቆሽት ካንሰር ይገኝባቸዋል። ስኳሩ እየመጣ ክብደት ከቀነሰ፣ «ጾም ነው ያከሳኝ» ሳትሉ ለሐኪም ተናገሩ። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ ያን ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

የቀረው ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ከአሥር የቆሽት ካንሰር ሕሙማን አንድ ገደማ የሚሆነው ከወላጅ የወረሰው የጂን ስህተት አለበት፤ ቢአርሲኤ2 በሚባለው ጂን ላይ የሚደርሰው አንዱ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ይህ ካንሰር ለተገኘበት ሁሉ የዘረመል ምርመራ እንዲደረግለት ይመከራል። ስህተቱ ያለባቸው ልጆችና እኅት ወንድሞች ደግሞ በኤምአርአይና በውስጥ አልትራሳውንድ ክትትል ውስጥ መግባት ይችላሉ። እንዲህ ያለው ክትትል ቀድሞ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ጎረቤታችን ባልቲሞር ነው፤ በክትትል ላይ ካሉ ሰዎች የተገኙት ካንሰሮችም አብዛኞቹ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ነበሩ።

ወደ ክትትሉ ለመግባት ሐኪሙ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «ከቤተሰብህ በዚህ የታመመ አለ?» የሚል ነው። እኛ ምን እንመልሳለን? «አባቴ ሆዱን ያመው ነበር።» «አክስቴ ጨጓራ ነበረባት፣ ከስታ ሞተች።» የካንሰርን ስም ከሕመምተኛው እንሰውራለን፣ ከልጆቹ እንሰውራለን፤ ከዚያ ስሙ ከሰውየው ጋር ይቀበራል። የምንደብቀው ለፍቅር ብለን መሆኑን አውቃለሁ። ልጁ ግን በአርባ ዓመቱ ሐኪም ፊት ተቀምጦ የሚናገረው ያጣል። ዛሬ ማታ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ስትደውሉ፣ ትልቅ ሰው ስታገኙ፣ «እማማ፣ አባባን የገደላቸውን በሽታ ሐኪሞቹ ምን አሉት? ወረቀቱ አለ?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። የሐኪም ቤት ወረቀት ካለ በስልክ ፎቶ አስነሥታችሁ አስልኩ። ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ? ስኳር የጀመራቸው መቼ ነው? በስንት ዓመታቸው አረፉ?

የእኔ ይህ ነው። የሌሊት ተረኞች ከመውጣታችሁ በፊት የእናንተን ጥያቄ አስቀድማለሁ፤ ማይክራፎኑን ወደ ኋላ አሳልፉልኝ።